የኋላው ግራ ጎማ

የካቲት 8 ቀን 1987፣ አሶሳ

የማታ ተማሪዎቼን ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ጨረስኩ ከምል ተቃጠልኩ ብል ይቀለኛል። ከሠላሳ አራቱ ሃያ ዘጠኙ ያንኑ ስሕተት ሠርተዋል። የጋዝ ሒሳብ ሲሠራ በዲግሪው ላይ መጀመሪያ ሁለት መቶ ሰባ ሦስት ይደመራል። ስድስት ሳምንት ሙሉ ሰሌዳው ጥግ ላይ ጽፌ፣ ከብቤ፣ "የሚያጠፋት ወዮለት" ብዬ ትቻታለሁ። ማንም አላጠፋትም። ማንም አላያትም።

በጣም ያናደደችኝ ዓዲላ ናት። ቀን በጤና ጣቢያ ካርድ ታወጣለች፣ ማታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። ከክፍሉ ሁሉ ትበልጣለች ብዬ የማስበው እሷን ነበር። ጥያቄው ቀላል ነው፤ በብረት ዕቃ የታሸገ ጋዝ ከሃያ ዲግሪ ወደ አርባ ዲግሪ ቢሞቅ ግፊቱ ምን ይሆናል? "እጥፍ ይሆናል" ብላ አስምራበታለች። ዜሮ ሰጠኋት። አልበቃኝም፤ ወረቀቷን አንስቼ ለክፍሉ አነበብኩት።

"ዲግሪውን ያወጣው ሰው ነው፤ ጋዙ አያውቀውም" አልኳቸው። "ጋዙ የሚቆጥረው ከፍጹም ዜሮ ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በታች ብርድ ከሌለበት ቦታ። ለእሱ ከሃያ ወደ አርባ ማለት ከሁለት መቶ ዘጠና ሦስት ወደ ሦስት መቶ አሥራ ሦስት ማለት ነው። መቶ የነበረው መቶ ሰባት ሆነ እንጂ ሁለት መቶ አልሆነም። ይህን የማያውቅ ሰው የብስክሌት ጎማ እንኳ ንፋስ መሙላት የለበትም!"

ሳቁ። ዓዲላ አልሳቀችም። ወረቀቷን ለአራት አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ልክ ነው ያደረግኩት። ካልተቆጧቸው አይገባቸውም።

የካቲት 10

ዝውውር አሁንም የለም። ሦስት ዓመቴ። እናቴ ቢቸና ብቻዋን ናት፤ ዓይኗ እየደከመ ነው፤ ደብዳቤዬን የሚያነብላት ጎረቤት ትለምናለች። አቶ ደባልቄ፣ የመሥሪያ ቤታችን የአስተዳደር ኃላፊ፣ ማመልከቻዬን ሳያነበው መሳቢያው ውስጥ ከተተው። "አሁን እኮ ክልል ሆነናል፣ መምህር ታረቀኝ። መምህር ይመጣልናል እንጂ አይሄድብንም" አለኝ።

ክልል ሆነናል! በየበሩ አዲስ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ቀለሙ አልደረቀም። ከሰሌዳው ኋላ ወንበር የለም። ማኅተም የለም። ጠመኔ የለም። እኔ ግን አለሁ።

የካቲት 14

ከነገ ወዲያ በኩርሙክ መንገድ እንወጣለን፤ ትምህርት ቤት ልንቆጥር። አቶ ደባልቄ፣ እኔ፣ የባዮሎጂ መምህርቷ ትሩፋት፣ ሌሎች አራት ሰዎች፣ ሁለት የእንጨት ሳጥን ሙሉ መጻሕፍት። ይህ ሁሉ በአንዲት አሮጌ ላንድሮቨር።

ሾፌሩ ባቢከር ነው፤ የዓዲላ ታላቅ ወንድም። ሃያ ሁለት ዓመት ነድቷል። መጀመሪያ የነጋዴ ጭነት፣ በደርግ ጊዜ የሠፋሪ እህል፣ አሁን ደግሞ እኛን። ጠዋት ጠዋት አራቱንም ጎማ በቀርከሃ ዱላ እየመታ ጆሮውን ያዘነብላል። ዛሬ ሳየው ሳቄ መጣ። "ሐኪም ነህ እንዴ?" አልኩት።

"ኡስታዝ፣ ጎማ ይናገራል" አለኝ። "ንፋስ ያነሰው ዱፍ ይላል። የሞላ ድንግ ይላል።"

የንፋስ መለኪያ እንዲገዛለት ሦስት ጊዜ አመልክቷል አሉ። ሦስቱም ማመልከቻ የእኔ ዝውውር ካለበት መሳቢያ ውስጥ ይሆናል። ሰው ጨረቃ ላይ ከወጣ ሃያ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ የእኛ ሳይንስ ድንግና ዱፍ።

የካቲት 16

ተገለበጥን። እኔ ደህና ነኝ፤ ክርኔ ብቻ ተልጧል። ትሩፋት ጭኗ ተሰብሯል። አጥንቱ። ድምፁን ሰምቻለሁ።

የኋላው ግራ ጎማ ፈነዳ። ባቢከርን ፖሊስ ወሰደው።

በእርሳስ ነው የምጽፈው። ቀዩ እስክሪብቶዬ ጫፉ ተጣምሟል።

የካቲት 17

የትናንቱን ቀጣይ ገጽ ቀድጄዋለሁ። ሻይ ፈሶበት ነው።

እንዲህ ነው የሆነው፤ ሳይረሳ ልጻፈው። ከሆሞሻ አልፈን፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ አንድ የሮቃ ዛፍ ሥር ለዕረፍት ቆምን። ሙቀቱ አይቻልም። ሌሎቹ ጥላው ሥር ገቡ፤ ትሩፋት ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች። እኔ በመኪናው ዙሪያ ስሄድ የኋላውን ግራ ጎማ በእጄ ነካሁት። አቃጠለኝ። መንገዱን ሁሉ ፀሐይ የመታው በዚያ በኩል ነበር።

እኔ ያልኩት ግልጽ ነው። የታሸገ ጋዝ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ መጽሐፍ ላይ ያለ ነው። ጠዋት ከአሶሳ ስንነሳ ሃያ ዲግሪ ነበር፣ እዚያ አርባ ደርሷል። ይህንኑ ነው የተናገርኩት። ባቢከር በዱላው መታ መታ አደረገና "ጤነኛ ነው" አለ። አቶ ደባልቄ ሰዓቱን እያየ "ሳይንስ የተማረውን ስማ! በዱላ መኪና የሚነዳበት ዘመን አልፏል" ብሎ ጮኸበት። ንፋሱ ተቀነሰ። ሄድን። ሩብ ሰዓት ያህል እንደተጓዝን፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ፈነዳ። መኪናው ወደ ግራ ተጎተተና ቦዩ ውስጥ ተኛ። ትሩፋት የተቀመጠችው በዚያ በኩል ነበር፤ የመጻሕፍቱ ሳጥን ጭኗ ላይ ወደቀ።

ያ አሮጌ ጎማ ስንት ዓመት አገልግሏል? ማን ያውቃል? መለኪያ ማን ከለከለ? አንድ ሰው ይጠየቅ ከተባለ መጠየቅ ያለበት ያ መሳቢያ ነው። አልተኛሁም።

የካቲት 20

ሁዳዴ ገባ። ትሩፋትን ዛሬ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ወሰዷት። በቃሬዛ ስትወጣ እጄን ይዛ "ባቢከር እንዴት ሆነ?" አለችኝ። ስለ እግሯ አልጠየቀችም። ታስሯል ማለት አልቻልኩም። "ደህና ነው" አልኳት።

ሻይ ቤት የሰማሁት፦ "ሰውየው ረመዳን ላይ ነበር አሉ። በዚያ ሐሩር ውኃ ሳይቀምስ ሲነዳ ዓይኑ ፈዞ ነው።" ሌላው ቀበል አድርጎ "ጾመኛ መሪ አይሰጠውም" አለ። ይህን የሚሉት እነሱው ራሳቸው ዛሬ ጾም ጀምረው፣ ሻይ ቤት ተቀምጠው ዘጠኝ ሰዓት የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው! ብርጭቆውን ልወረውር ምንም አልቀረኝም። የባቢከር ዓይን አልፈዘዘም። እጁም አልተንቀጠቀጠም። ያን መኪና ቦዩ ውስጥ በጎኑ ያስተኛው እሱ ነው፤ ሌላ ሾፌር ቢሆን ከቁልቁለቱ በታች ያለው ገደል ውስጥ ነበርን። ይህን ለማን ልንገር?

ልነግራቸው እችል ነበር። ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

የካቲት 24

ዒድ። ባቢከር በዓሉን በፖሊስ ጣቢያ ዋለ። ዓዲላ በሳህን ምግብ ይዛ ስታልፍ አየኋት። አዲስ ልብስ አልለበሰችም። መንገድ ቀየርኩ።

የካቲት 30

አቶ ደባልቄ ቢሮው አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፤ ይህ ሰው ወንበር ሰጥቶኝ አያውቅም። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ሰብሳቢው ራሱ ነው። ራሱ መኪናው ውስጥ የነበረ፣ ራሱ ሰብሳቢ!

"አንተ የፊዚክስ ሰው ነህ" አለኝ። "ሙያዊ አስተያየት ጻፍልን። አጭር። ጎማው በሾፌሩ ቸልተኝነት እንደፈነዳ።"

"ዛፉ ሥር የተባለውን ያስታውሳሉ?" አልኩት።

"ምን ተባለ? እኔ ሰዓት ስቆጥር ነበር።" ከዚያ መሳቢያውን ሳበና የዝውውር ማመልከቻዬን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እጁን ጫነበት። "እናትህ ደህና ናቸው?"

ምን ዓይነት ሰው ነው! እንዲህ ያለውን ሰው ነው መፍራት ያለብን። ተነሥቼ በሩን ወርውሬ ዘጋሁት። አልጽፍም አላልኩትም።

መጋቢት 6

ጻፍኩ። ግን ውሸት አልጻፍኩም። "የጎማው መፈንዳት ከአካባቢው ሙቀትና ከጎማው ይዞታ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል፤ የጎማን ይዞታ መቆጣጠር የአሽከርካሪው ኃላፊነት ነው።" እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ባቢከር በዋስ ወጥቷል። መንጃ ፈቃዱ ተይዟል፣ ከሥራ ታግዷል። የስንብት ደብዳቤው ተረቅቋል አሉ፤ የሚጠብቀው ማኅተሙን ብቻ ነው። አዲሱ የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ከአዲስ አበባ አልመጣም፣ በአሮጌው መምታት ተከልክሏል። ሃያ ሁለት ዓመት የነዳ ሰው እንጀራው በአንዲት ክብ ጎማ ተንጠልጥላለች። በዚህች አገር ዝርክርክነት ደስ ያለኝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

መጋቢት 15

ለማታ ክፍሉ የግፊትንና የይዘትን ነገር በስሪንጅ አሳየሁ። ቤተ ሙከራ ስለሌለ ዓዲላ ናት ከጤና ጣቢያ ያመጣችው። ቀዳዳውን በአውራ ጣቴ ደፍኜ ገፋሁት፤ አየሩ ሲጠብ እየጠነከረ፣ መልሶ ገፋኝ። "ይዘቱ በግማሽ ሲያንስ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፤ ሙቀቱ ካልተለወጠ" አልኩ። ስሪንጁን በየተራ ያዙት። ሳቁ፣ ተገረሙ። ለአንድ አፍታ ጥሩ መምህር ነበርኩ።

ዓዲላ እጇን አወጣች። "መምህር፣ አየሩን ግማሹን ብናስወጣው፣ የሚገፋው ነገር ያንሳል አይደል?"

"አዎ።"

"ታዲያ ከላይ ጭነት ካለ ምን ይሸከመዋል?"

ጮኽኩባት። ምን ብዬ እንደጮኽኩ መጻፍ አልፈልግም። ከትምህርቱ ውጪ ነው አልኩ፤ ፈተና ላይ አይመጣም አልኩ፤ የማሾው መብራት ንፋስ እያነሰው ደብዝዞ ነበር፣ እሱንም ማን እንዳልሞላው ጠየቅኩ። ማሾውን የመሙላት ተራ የእኔ ነበር። ቁጭ አለች። አንገቷን ግን አልደፋችም።

መጋቢት 22

የትሩፋት መልእክት ደረሰ፤ በስልክ ለትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነግራ። ብረት አስገብተውላታል። ትራመዳለች፣ ግን እግሯ በሁለት ጣት ያህል ያጥራል። ደብዳቤ ልጽፍላት ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። ሦስቱንም ቀደድኩ።

ማኅተሙ ተልኳል ይላሉ። በሚቀጥለው አውሮፕላን።

ሁሉም ሰው ያናድደኛል። ማንጎ የሚሸጡት ሴቶች ያናድዱኛል። ፈጣሪ ያውቃል ምን እንዳደረጉኝ።

መጋቢት 28

የማጠቃለያ ፈተና አወጣሁ። አምስተኛው ጥያቄ፦ "የጠዋት ግፊቱ አርባ ፓውንድ የሆነ የመኪና ጎማ ከሃያ ዲግሪ ወደ አርባ ዲግሪ ቢሞቅ፣ ይዘቱ ካልተለወጠ፣ አዲሱ ግፊቱ ስንት ይሆናል? የከባቢ አየርን ግፊት አትቁጠሩ። ምን ትመክራላችሁ?"

ለምን ይህን ጥያቄ እንዳወጣሁ አላውቅም። መጽሐፉ ላይ ሌላ አሥር ጥያቄ ነበር።

ሚያዝያ 2

ዓዲላን አርሜ አልጨረስኩም። ወረቀቷ ፊቴ ነው፤ ከምሳ ጀምሮ።

ሁለት መቶ ሰባ ሦስት ደምራለች። አርባን በሦስት መቶ አሥራ ሦስት አባዝታ ለሁለት መቶ ዘጠና ሦስት አካፍላለች። "አርባ ሦስት አይሞላም" ብላለች። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ ጽፋለች፦ "ጎማው ይህን ይችላል። ስለዚህ በሙቀት ብቻ አይፈነዳም። ንፋሱ በግማሽ ቢቀነስ ግን ጎማው ጭነቱን አይሸከምም፤ ሲንከባለል ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ከፀሐዩ የባሰ ይሞቃል፣ ከዚያ ይቀደዳል። የምመክረው እንዳይነካ ነው። ይህን ያስተማረኝ ወንድሜ ነው።"

ገጹን ስገልጥ ለአራት የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። የየካቲቱ ፈተናዋ ነው። ከሃያ ወደ አርባ፣ "እጥፍ ይሆናል"፣ በቀይ እስክሪብቶዬ የተጻፈ ትልቅ ዜሮ። ምንም አልጻፈችበትም። እንዲሁ አስገብታ ሰጠችኝ።

እንግዲህ ልጻፈው። ማንን እየሸወድኩ ነው? ደብተሩ የእኔው፣ አንባቢው እኔው።

ዛፉ ሥር ያልኩት ይህ ነው፦ "ጠዋት ሃያ ነበር፣ አሁን አርባ ነው። ሙቀቱ እጥፍ ሆኗል። ስለዚህ ግፊቱም እጥፍ ሆኗል። ይህ ጎማ አሁን ሰማንያ ነው፤ ይፈነዳል።" ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በጣቴ አየሩ ላይ እየጻፍኩ። የተናደድኩት በባቢከር ዱላ ነበር። አንድ ያልተማረ ሰው በእኔ ሳይንስ ፊት ጎማ እየደበደበ "ጤነኛ ነው" ሲል ደሜ ፈላ። አቶ ደባልቄ ሲጮህለኝ ደግሞ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ከተማ ማንም "የተማረውን ስማ" ብሎልኝ አያውቅም ነበር።

ባቢከር ቆመ። ዱላውን ይዞ ቆመ። "ኡስታዝ፣ አይነካ" አለኝ፣ ቀስ ብሎ። እኔ ተንበረከክኩ፣ የንፋስ መሙያውን ክዳን ፈታሁ፣ ቀዩን እስክሪብቶዬን ሰክቼ ተጫንኩ። ሲስስ አለ። ረጅም ነበር። ግማሽ እስኪመስለኝ ያዝኩት። ጥላው ሥር ያሉት አይተዋል፤ ግን ሁሉም ከአቶ ደባልቄ በታች ናቸው፣ ማንም አልተናገረም። የእስክሪብቶው ጫፍ ያኔ ተጣመመ። በቀኝ ያሉት ጥላ ውስጥ ነበሩና፣ የፊቱም ግራ እንደሱ አልጋለምና ተውኳቸው። ስነሣ ሱሪዬን አራገፍኩና "አሁን ይሄዳል" አልኩት።

ለሃያ ዘጠኝ ሰው ዜሮ የሰጠሁበትን ስሕተት በስምንተኛው ቀን ራሴ ሠራሁት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ሰሌዳ ላይ አውቀዋለሁ፤ ፀሐይ ላይ፣ ሰው ፊት፣ ስቆጣ ግን አላወቅኩትም። ያን ዱላ ደግሞ ንቄዋለሁ። ዱላው ልክ ነበር። ድንግ ብሎ ነበር፤ እኔም ሰምቼዋለሁ።

ሚያዝያ 4

ባቢከር ቤት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ የቀርከሃ አጥር እየጠገነ ነበር። የሚነዳው ሲያጣ እጁ ሥራ ፈልጓል። ዓዲላ አልነበረችም።

"ኡስታዝ መጣ" አለና በርጩማ አቀረበልኝ። አልተቀመጥኩም።

"ለፖሊስ ለምን አልተናገርክም?" አልኩት። ልለምነው ሄጄ እኔው ስቆጣ ራሴን ሰማሁት። "እኔ እንዳስተነፈስኩት ለምን አልነገርካቸውም? ጎማ ፈነዳ ብቻ ነው ያልከው!"

"መሪ በእኔ እጅ ነው" አለ። "ዱላ ነገረኝ፤ ጎማ ጤነኛ ነው አለ። እኔ ዱላ ተወ፣ አንተ ሰማ። ከዚያ ነዳ። ንፋስ የሌለው ጎማ መሆኑን እያወቀ ነዳ። ወላሂ፣ እሱ የእኔ ነው።"

"ጾም ላይ ነበር፣ ዓይኑ ፈዘዘ እያሉ ሲያወሩብህስ?"

እዚህ ላይ ፊቱ ተለወጠ። ቀርከሃውን መሬት ላይ ጣለው። "እሱ ያናድዳል" አለ። "ሃያ ሁለት ረመዳን ነዳሁ። አንድ ሰው አልወደቀም።" ቀርከሃውን መልሶ አነሣና፣ "ደግሞ ዓዲላ ፈተና አለው። የሚያርም አንተ ነህ" አለኝ።

እጄን ዘርግቼ አጥሩን ያዝኩ። ሰባት ሳምንት ያህል ስለ እኔ የሚያስበው ይህ ነው። አፉን ቢከፍት እኅቱን የምጥልበት ሰው ነኝ። ይህን ለምን አሰበ ብዬ ልናደድ ፈልጌ ነበር፤ ግን ዜሮዋን ክፍል ፊት ያነበብኩት እኔ ነኝ።

"ዓርብ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ" አልኩት።

"ማኅተም መጣ" አለ። "ትናንት። ሰምተሃል?"

አልሰማሁም ነበር።

ሚያዝያ 6

ማለዳ ተነሥቼ አንድ ነጭ ወረቀት ወሰድኩ። ዛፉ ሥር በአየር ላይ የጻፍኩትን ሒሳብ እንዳለ ጻፍኩት፤ ሃያ፣ አርባ፣ እጥፍ፣ ሰማንያ። ከላይ ሙሉ ስሜን። ከዚያ ጫፉ በተጣመመው ቀይ እስክሪብቶ ሒሳቡን ሰርዤ ዜሮ አደረግኩበት። ወረቀቱን እየቧጨረ ነው የጻፈው። ከሥሩ ትክክለኛውን ሠራሁ፣ እስክሪብቶውንም በምን እንዳጣመምኩት ጻፍኩ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። አቶ ደባልቄ መሐል። የስንብቱ ደብዳቤና አዲሱ ማኅተም ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ። ባቢከር በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ወንበር ያቀረበለት የለም።

"ይህ ምንድን ነው?" አለኝ አቶ ደባልቄ።

"ፈተናዬ ነው። አርሜዋለሁ።"

"አስተያየትህን በመጋቢት ሰጥተሃል። አልቋል።"

"በመጋቢት የሰጠሁት አስተያየት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው" አልኩ፤ ድምፄ መስኮቱን አልፎ ሳይሰማ አልቀረም። "ንፋሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በዚህ እስክሪብቶ። ባቢከር አይነካ ብሎኛል። እርስዎ ጮኸውበታል። ጾሙን ከዚህ ነገር ውስጥ አውጡት! ያ ሰው ባይነዳው ኖሮ ዛሬ ኮሚቴ የሚሰበስብ ሰው አይኖርም ነበር!"

"የዝውውርህን ነገር አስበኸዋል?" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ይቅደዱት።"

ከግራው የተቀመጠችው ወይዘሮ አገኘሁሽ፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ፣ ወረቀቱን ሳበችና ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞረች። "አቶ ደባልቄ፣ እርስዎም እዚያው ነበሩ እንዴ?" አለችው። እሱ መነጽሩን መጥረግ ጀመረ። እሷ ማኅተሙን አንሥታ ወደ ራሷ በኩል አስቀመጠችው።

ለትሩፋትም ጻፍኩ። ሁሉንም። ዛሬ ፖስታ ቤት አስገባሁት።

ሚያዝያ 18

ውሳኔው ወጣ። ባቢከር ወደ ሥራው ይመለስ፤ ነገር ግን "ባለሙያ ባልሆነ ሰው ትእዛዝ ሙያውን በመተዉ" ማስጠንቀቂያ ይሰጠው። ለእኔ ከባድ ማስጠንቀቂያ፤ ዝውውር ለሁለት ዓመት አይታይም። አቶ ደባልቄ ባለበት አለ። ምን ጠብቄ ነበር? ማስጠንቀቂያ ለባቢከር! አይነካ ላለ ሰው! ውሳኔውን በር ላይ ሲለጥፉ ልቅደደው ደርሼ ነበር፤ ባቢከር ክንዴን ያዘኝ።

የንፋስ መለኪያም ተገዛ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ባቢከር ኪሱ ውስጥ ከቶታል። ጠዋት ሳየው ግን መጀመሪያ በዱላው መታ፣ አዳመጠ፣ ከዚያ በመለኪያው አየ። ቁጥሩን አሳየኝ። አርባ። አልሳቀም፣ አልሳቅኩም።

ሚያዝያ 19

የማታ ክፍል። ማሾውን ራሴ ሞላሁት። የፈተናውን ወረቀት መለስኩ። ዓዲላ ከመቶ ዘጠና አራት። የየካቲቱንም መለስኩላት፤ ዜሮውን አልሰረዝኩትም፣ ስሕተት ስሕተት ነው፤ ከጎኑ ግን የራሴን ጻፍኩ፤ "ታረቀኝ፣ ዜሮ"። ለክፍሉም ነገርኳቸው። ሰሌዳው ላይ ሒሳቤን ሠርቼ የት ላይ እንደሳትኩ አሳየኋቸው። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ጠመኔውን ሳስቀምጥ ዓዲላ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ስሕተትዎን መቼ ነው ያወቁት? የእኔን ወረቀት ሲያዩ ነው?"

አዎ ማለት እችል ነበር። ክፍሉ ሁሉ ያምነኝ ነበር። ወንድሟም ያምነኝ ነበር። በየካቲት 16 ማታ የቀደድኩት ገጽ ታወሰኝ። ሻይ አልፈሰሰበትም። ሁለት መቶ ሰባ ሦስት ደምሬ፣ አካፍዬ፣ አርባ ሦስት እንደማይሞላ ያየሁበት ገጽ ነበር። ያኔ ባቢከር ገና አንድ ሌሊት እንኳ አልታሰረም።

"ያን ዕለት ማታ" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። በከንፈሯ ስትቆጥር አየሁ፤ ቀኖቹን ይመስለኛል፤ ዒዱ ላይ ስትደርስ መቁጠሯን አቆመች። ከዚያ ደብተሯን ገለጠች፣ እርሳሷን አነሣች።

"እሺ" አለች። "ይቀጥሉ።"